እፍኝ አፈር በቱቦ ውስጥ

አዳማ ስሟን ያገኘችው ማንም ሳይተክለው ከሚበቅል ተክል ነው ይባላል። «አዳሚ» በኦሮምኛ ቁልቋል ነው፦ ከድንጋይ ስንጥቅ ብቅ ብሎ ክንዶቹን ወደ ሰማይ የሚዘረጋ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ አፈር ላይ ቢወድቅ ሥር የሚሰድ፣ ጠባቂ የማይሻ ተክል። በከተማዋ ዙሪያ የሚበቅሉት ሌሎች ዛፎች ግን እንዲህ አልታደሉም። ግራሩም፣ ወይራውም፣ ዋንዛውም ከዘር ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት የሚያልፉት በጭንቅ ነው።

ጠላታቸው ብዙ ነው። ፀሐይ ያጠወልጋቸዋል፣ ምስጥ ይበላቸዋል፣ ፍየል ይቀነጥሳቸዋል። ስለ እነዚህ ሁሉ ብዙ ተብሏል፤ አጥር ታጥሮላቸዋል፣ ውሃ ተቀድቶላቸዋል። ብዙ ያልተባለለት ችግኙ የቆመበት እፍኝ አፈር ነው፤ በዚያም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አድርጎ ሻሸመኔ በሚደርሰው መስመር ላይ ችግኝ ማፍላት የራሱ ታሪክ ያለው ሙያ ነው። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ወደዚያች እፍኝ አፈር ይመለሳል።

በረቱ፣ የመጀመሪያው ችግኝ ጣቢያ

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የሸለቆው ወለል የግራር አገር ነበር። ኦሮሞው ግራርን በአንድ ስም ጠቅልሎ አይጠራም። ጃንጥላ መስሎ የሚዘረጋው ደደቻ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልመው ገርቢ ነው፤ ዋጩም ሌላ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጥላ፣ የራሱ ፍሬ፣ የራሱ ጥቅም አለው። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ከብቱንና ፍየሉን ወደ ዝናብ የሚያሻግረው ከነዚህ ዛፎች የሚረግፈው ፍሬ ነበር።

እነዚህን ዛፎች ማን ተከላቸው? ከመልሶቹ አንዷ ፍየል ናት። የግራር ዘር ልባሱ ደንዳና በመሆኑ ውሃ ቶሎ አያስገባም። ፍየሏ ፍሬውን ትበላለች፤ ከሆዷ የተረፈው ዘር ልባሱ ለስልሶ ማታ በረት ውስጥ ከበጠጡ ጋር ይወድቃል። አርብቶ አደሩ ሰፈር ሲለውጥ በረቱ ባዶ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ግን በዚያ ክብ ቦታ ላይ ዘሩ ይፈላል፤ ለዓመታት የተከማቸው ፋንድያና በጠጥ ደግሞ ናይትሮጂኑንም ፎስፈረሱንም ያቀርብለታል። ይህን ነገር በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ በደቡብ ቱርካና፣ ኬንያ ውስጥ ያጠኑት ሪድ እና ኤሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የተተዉ በረቶች የግራር ደን መነሻ እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ችግኝ ማፍላት የመንግሥት ሥራ ከመሆኑ በፊት የበረት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። አዳማ የባቡር ጣቢያ ሆና ያደገችው በዚያን ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ብለዋት ኖረች፤ የቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰላት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከተማ ሲሰፋ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ወጥ የሚሠራበት ማገዶና ቡና የሚፈላበት ከሰል ይፈልጋል። ለዘመናት የቆመው ግራር በከሰል ጆንያ ተሞልቶ በባቡርና በመኪና ወጣ።

ለእንጨት ረሃብ የተገኘው መልስ ባሕር ዛፍ ነበር። ዛፉ አገር ውስጥ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግድም ሲሆን፣ ሞንዶን ቪዳዬ የሚባለው ፈረንሳዊ አማካሪ ስሙ ከዚሁ ጋር ይነሣል። ነጩ ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን ደጋ ወደደ። ለስምጥ ሸለቆው ሙቀት የተስማማው ቀዩ ባሕር ዛፍ ነው።

የባሕር ዛፍ ዘር እንደ አሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው። ይህ ለችግኝ አፍይ ትልቅ ትርጉም አለው። እንደ ዝግባ ያለ ዛፍ ዘሩ ትልቅ በመሆኑ ከእናቱ የያዘው ስንቅ አለው፤ ፎስፈረሱን በዘሩ ውስጥ ቋጥሮ ይወጣል፣ እስኪጠነክር ከዚያ ይመገባል። የባሕር ዛፍ ቡቃያ ግን ስንቁ ጥቂት ነው። ሁለት ቅጠል ሲያወጣ አልቆበታል፤ ከዚያ ወዲያ አፈሩ ካልሰጠው ባለበት ይቀራል።

ከጥር እስከ ሐምሌ

እ.ኤ.አ. በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። በ1960 ከጦርነት ካሣ በተገኘ ገንዘብ ጣሊያኖች የሠሩት የቆቃ ግድብ አዋሽን አቆመው። መተሐራም የስኳር አገር ሆነ። አዋሽን ተከትሎ ሸንኮራው፣ አትክልቱና የፍራፍሬ እርሻው ሲሰፋ ግራሩ ወደ ኮረብታው አፈገፈገ። አዳማ አጠገብ አዋሽ መልካሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የምርምር ጣቢያም ዋና ሥራው ከመስኖ ጋር የተያያዘው የአትክልትና ፍራፍሬ ልማት ነበር።

የችግኝ ጣቢያ ዘመን የመጣው ከድርቁና ከአብዮቱ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለእርከንና ለደን ሥራ እህል ማቅረብ ጀመረ። የአንድ ቀን ሥራ ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር፤ ሕዝቡም «ምግብ ለሥራ» ብሎ ጠራው። በዚያው ዘመን ለከተሞች ማገዶ የሚሆን ደን በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በናዝሬትና በሌሎችም ከተሞች ዙሪያ መተከል ያዘ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ችግኝ የሚፈላበት ቦታ ያስፈልግ ነበርና ወንዝና ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ችግኝ ጣቢያ ተከፈተ።

የሥራው ዓመት በወር በወር የተከፈለ ነው። በበጋው መጀመሪያ ዘር ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይበጠራል። የግራር ዘር የፈላ ውሃ ይፈስበትና እዚያው ውስጥ ያድራል፤ ፍየል በሆዷ የምትሠራውን ሥራ እዚህ ጀበናና ድስት ይሠሩታል። ከዚያ አፈር ይቆፈራል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር በአካፋ ይዋሐዳል። ሴቶች በመደቡ ዳር ተቀምጠው ፖሊቲን ቱቦውን አንድ በአንድ ይሞላሉ። ቱቦው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ልቅ ከሆነ ሲነሣ ይፈርሳል፤ ከመጠን በላይ ከታጨቀ ደግሞ ሥር አያስገባም። አውራ ጣታቸው ልኩን ያውቀዋል።

ቀጥሎ ማጠጣት፣ ማረም፣ ጥላ መሥራት ይመጣል። ሥሩ ከቱቦው በታች ወጥቶ መሬት እንዳይዝ ይገረዛል። ሰኔ ሲቃረብ ጥላው ይነሣል፣ ውሃው ይቀነሳል፤ ይህ ማላመድ ይባላል። ከዚያ ችግኙ በባሬላ ወደ መኪና፣ በመኪና ወደ ኮረብታው ይሄዳል። ከአዳማ ዙሪያ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ጣቢያዎች ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ግራር፣ ሉኪኒያ፣ ግራቪሊያ፣ ሸውሸዌ፣ ኒም፣ ወደ ደጋው ጠጋ ሲባልም የፈረንጅ ጥድ በዚህ መንገድ አልፈዋል።

ይህን ሁሉ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ የሚመዘግበው በአንድ ቁጥር ነበር፦ ስንት ችግኝ ፈላ፣ ስንት ተተከለ። በቱቦው ውስጥ ምን ዓይነት አፈር እንደገባ የሚጽፍ ቅጽ አልነበረም። የአፈሩ ነገር ለፎርማኑ ልምድና ለሴቶቹ እጅ ተተወ።

ድኃው ባለጠጋ አፈር

ፎስፈረስን እ.ኤ.አ. በ1669 ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው ሄኒግ ብራንድ የሚባል የሐምቡርግ ሰው ነው፤ ከሽንት ወርቅ ለማውጣት ሲደክም በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ለእርሻ የዋለው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ጆን ቤኔት ሎዝ የተባለ እንግሊዛዊ የፎስፌት ማዕድንን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ሱፐርፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ በስሙ አስመዘገበ። የሰው ልጅ ፎስፈረስን ከአጥንትና ከፋንድያ አልፎ በጆንያ መግዛት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለቡቃያ ፎስፈረስ ገና ከጅምሩ የሚያስፈልግ ነው። በሕዋሶቹ ውስጥ ጉልበት የሚተላለፈው በፎስፈረስ ነው፤ ዘር የሚሆነው የውርስ ቁስም ያለ እርሱ አይገነባም። ያጣው ችግኝ አይሞትም፤ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ሥሩም አጭር ይሆናል። ግራርን በመሰሉ ዛፎች ላይ ጉዳቱ እጥፍ ነው። በሥራቸው ላይ ባሉ እባጮች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር የሚይዙት ብዙ ጉልበት አውጥተው ነው፤ ፎስፈረስ ሲጠፋ እባጩም ይጠፋል። ናይትሮጂን መሥራት የሚችለው ዛፍ ናይትሮጂን ይርበዋል።

ከዚህ ላይ የሸለቆው አፈር ጠባይ ይጨመራል። የስምጥ ሸለቆው ወለል የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ አመዱ፣ ቀይ አሹ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ፣ የጥንት ሐይቆች የተዉት ነጭ ደለል። ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ኖራማ በመሆኑ ፎስፈረሱን ካልሲየም ይይዘዋል። ወደ አርሲና ወደ ሙነሳ ተዳፋት ሲወጣ ደግሞ በቀዩ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኙ ማዕድናትም የመያዝ ጉልበታቸው ብርቱ ነው። ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ተቆልፎበታል። ናይትሮጂን ከውሃ ጋር ወደ ሥር ይጓዛል፤ ፎስፈረስ ግን በራሱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይንቀሳቀስም። ሥር ካልደረሰበት እዚያው ይቀራል። የአንድ ወር ችግኝ ሥር ደግሞ ምን ያህል ይደርሳል?

ይህ ድህነት በጽሑፍም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 መርፊ የተባለ የአፈር ባለሙያ በዓለማያ ግብርና ኮሌጅ በኩል ስለ ኢትዮጵያ አፈሮች ለምነት ያወጣው ዘገባ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1982 ደስታ በየነ በኢትዮጵያ አፈሮች ውስጥ ያለውን የፎስፈረስ እጥረት መለየትን የሚመለከት ጽሑፍ በግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አሳተመ። ቆየት ብሎም ተካልኝ ማሞ ከኢስራሩል ሐቅ ጋር ሆኖ አፈሮቻችን ፎስፈረስን እንዴት እንደሚይዙ መረመረ።

የጆንያው ማዳበሪያ መንገድም በአዳማ በኩል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ረሃብን ለማጥፋት ባካሄደው ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በገበሬ ማሳ ላይ የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ ተደረገ። በዚያው ዓመት በስዊድን እርዳታ የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። በ1971 ደግሞ አነስተኛ የግብርና ጥቅል ፕሮግራም መጣ። ከአሰብ ወደብ የተነሣ የጭነት መኪና በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ አዳማ ይገባል፤ ከዚያ ጭነቱ ወደ አርሲ፣ ወደ ሸዋ፣ ወደ ደቡብ ይከፋፈላል። ገበሬው «ዳፕ»ና «ዩሪያ» የሚሉትን ስሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ ለመዳቸው። ዳፕ ከክብደቱ 46 በመቶ በፎስፌት ልክ፣ 18 በመቶ ናይትሮጂን የያዘ ነው።

ግን ዳፕ የእህል ነበር። በብድር ለገበሬ የሚሰጥ፣ በጤፍና በስንዴ የሚመለስ ዕዳ ነበር። ዛፍ በዓመቱ አይታጨድም፤ ብድርም አይከፍልም። ችግኙ በብስባሽና በጫካ አፈር ማደግ ነበረበት።

የጫካው አፈር ምሥጢር

«የጫካ አፈር» የሚለው ቃል ከየችግኝ ጣቢያው አይጠፋም። ፎርማኖቹ ከቻሉ ከቆየ ዛፍ ሥር የተዛቀ አፈር ይፈልጋሉ። ለምን ቢባሉ «ለም ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ከለምነቱ በላይ የሆነ ነገርም አለበት።

በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው አንደርስ ሚኬልሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ችግኞች ሥር ማየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሮዘንዳል ጋር ባሳተመው ጥናት ሦስት ነገሮችን በአንድነት ፈተነ፦ በሥር ላይ የሚኖር ፈንገስ፣ ፎስፈረስና የውሃ እጥረት በግራርና በሉኪኒያ ችግኞች እድገት ላይ የሚያደርጉትን። በ1992 በኢትዮጵያና በሶማሊያ ካሉ አምስት ችግኝ ጣቢያዎች የተወሰዱ ችግኞችን ሥር መረመረ፤ ፈንገሱ መኖሩንና እባጭ መያዛቸውን ለማወቅ። በ1993 ያወጣው ጽሑፍ ደግሞ ወደ ጣቢያዎቹ ሥራ በቀጥታ የሚገባ ነበር፦ ባልተቀቀለ ተራ የችግኝ ጣቢያ አፈር ላይ ይህ ፈንገስ ወይም የአገር በቀል ተክሎች ሥር ሲጨመርበት የኢትዮጵያ ግራሮች እድገት እንደሚሻሻል አሳየ።

የፈንገሱ ስም ማይኮራይዛ ነው። ከሥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ወደ አፈሩ ይዘረጋል። ሥሩ በራሱ ሊደርስበት ከማይችለው ቦታ ፎስፈረስን ለቅሞ ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉም በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። ፎስፈረስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ክሩ ወዳለበት ሄዶ ያመጣዋል ማለት ነው። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ውስጥ የመረመሯቸው አገር በቀል ዛፎች ከዚህ ፈንገስ ጋር የሚኖሩ ሆነው ተገኝተዋል። እምሩ ብርሃኔና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2012 በዕጣን ዛፍ ችግኝ ላይ፣ ውሃ እየተቋረጠ በሚመጣበት ሁኔታ፣ ፈንገሱ እድገቱን እንደሚያግዝ አሳይተዋል።

ፓቱላ የሚባለው ፓይን ያለውን ታሪክ የደን ሰዎች ያውቁታል። ፓይን የሚፈልገው ፈንገስ ከአገር በቀሎቹ የተለየ ወገን ስለሆነ በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ውስጥ አልነበረም። ዘሩ ብቻውን ሲመጣ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቆም ነበር። ፈውሱ ከቆየ የፓይን ደን አፈር ዝቆ በአዲሱ መደብ ላይ መበተን ሆነ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደ ሥራ ነበር። እፍኝ አፈር ከአገር አገር ተሻገረች።

ስለዚህ ቱቦው ውስጥ የሚገባው የጫካ አፈር ምግብም መጋቢም ይዟል። ንዑስ አፈር ብቻ ተቆፍሮ የተሞላ ቱቦ ሁለቱንም አጥቷል። ማዳበሪያም ቢሆን በልኩ ሲሆን ነው፤ ፎስፈረስ ከመጠን ያለፈበት ችግኝ ፈንገሱን ያገልለዋል፣ ናይትሮጂን የበዛበት ደግሞ ለስልሶና ረዝሞ የበጋውን ደረቅ ነፋስ አይችልም። በጣቢያው መደብ ላይ ያማረው ችግኝ ኮረብታው ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ገርቢ የሚያውቁ ገበሬዎች

ከሞጆ ወደ መቂ ሲወረድ በጤፍና በበቆሎ ማሳው መካከል ተበታትነው የቆሙ ግራሮች ይታያሉ። ገበሬው ማሳውን ሲመነጥር ሆን ብሎ የተዋቸው ናቸው። ገርቢ ከሁሉም ይመረጣል፤ ሰብሉ በሚያድግበት ክረምት ቅጠሉን ያራግፋልና ፀሐይ አይጋርድም፣ በበጋ ደግሞ ለከብት ጥላና ፍሬ ይሰጣል። ሥሩ የሚዘራው እህል እንደሚያምርበት ገበሬው ከአባቱ ሰምቷል።

ይህን ወሬ መለኪያ ያስያዙት ካማራ የተባለ ተመራማሪና ከላይ የተጠቀሰው ሐቅ ናቸው። ሁለቱ በዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ሲሠሩ ደብረ ዘይት፣ ማለትም የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ላይ ከገርቢ ሥር የተወሰደውን ጥቁር አፈር መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት የአፈሩ ብስባሽ፣ ናይትሮጂኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከግንዱ አጠገብ ከፍ ብሎ፣ ከግንዱ በራቀ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱን አገኙ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1986 ፖሸን የተባለው ተመራማሪ በሐረርጌ ደጋ ከዚሁ ዛፍ ጥላ ሥር የተዘራ በቆሎና ማሽላ ምርቱ በአማካይ 56 በመቶ እንደሚበልጥ ዘግቦ ነበር።

ከየት መጣ? የገርቢ ሥር ጠልቆ ይወርዳል። ከታች ያገኘውን በቅጠሉ ወደ ላይ አውጥቶ በየዓመቱ መሬት ላይ ያራግፈዋል። ከብቱ በጥላው ሲያርፍ ፋንድያውን ይተዋል፤ ወፉም ኩሱን ይጥላል። በረቱና ዛፉ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የተቆለፈው ፎስፈረስ በብስባሽ መልክ ሲመለስ ለአዲስ ሥር ይቀርባል። አንድ ገርቢ ተቆርጦ ከሰል ሲሆን የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ሥር ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ሀብትም ከዚያ በኋላ ተተኪ ያጣል።

በሸለቆው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአርሲ ነጌሌና ከሻሸመኔ በላይ ያለው የሙነሳ ሻሸመኔ ደን ሌላ ትምህርት ቤት ሆኗል። በአቅራቢያው ወንዶ ገነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ የደን ተቋም ተከፍቶ የአገሪቱን የደን ባለሙያዎች ማስተማር ጀመረ። ሙሉጌታ ለምነህ በዚሁ አካባቢ ደኑ ተመንጥሮ እስከ 53 ዓመት የታረሱ ማሳዎችን ከደኑ ጋር አነጻጽሮ፣ እርሻው በቆየ ቁጥር የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጂን እንዴት እንደሚወርድ አሳየ። ፈየራ ሰንበታና ባልደረቦቹ ደግሞ በሙነሳ ሻሸመኔ የተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር ገብተው ሲቆጥሩ ማንም ያልተከላቸው አገር በቀል ቡቃያዎች በቅለው አገኙ። ዘሩን ወፍና አውሬ ከተፈጥሮው ደን አምጥተውታል፤ ጥላና ብስባሽም ጠብቀውታል። የፈረንጅ ጥድ ሥር የሚይዘው ፈንገስም ከአገር በቀሎቹ ፈንገስ ጋር አንድ ወገን ነው።

ቆጠራው ሲመለስ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሽግግሩ ወራት ብዙ የማኅበረሰብ ደን ተቆረጠ። በግዴታ የተተከለ ዛፍ ባለቤት አልነበረውም። በርካታ ጣቢያዎችም ሠራተኛቸው ተበተነ። ሙያው ግን ከሰዎቹ እጅ አልወጣም። በአዳማና በቢሾፍቱ መንገድ ዳር አበባና ችግኝ ደርድረው የሚሸጡ ሰዎች ዛሬም ፍሉን በዚያው መንገድ ያፈላሉ፤ አፈር ይነፋሉ፣ ፍግ ይቀላቅላሉ፣ ቱቦ ይሞላሉ።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ የተባለው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲጀመር የችግኝ ፍላጎት እንደገና ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ የተያዘው ዕቅድ 200 ሚሊዮን ነበር። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተወራ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ግን ስንቱ ጸደቀ የሚል ሆነ፤ ለችግኝ ሥራ ታሪክ ይህ ጥያቄ መነሣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ከተከላው ቀን ይልቅ ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ወራት፣ በመደቡ ዳር ነው።

የማዳበሪያው መንገድም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ዳፕን ወደ ጎን አድርጎ ድኝ ጭምር የያዘውን ኤን ፒ ኤስ አመጣ። ወደቡ አሰብ መሆኑ ቀርቶ ጅቡቲ ሆኗል። ዋጋው በዓለም ገበያ ሲንር ገበሬው ለጤፉ የሚገዛው እየከበደው ነው፤ ለችግኝ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ለሸለቆው ችግኝ ፎስፈረስ የሚመጣው እንደ ድሮው ከቅርብ ነው፦ ከበረት ፍግ፣ ከተፈጨ አጥንት፣ ከኩሽና አመድና ከብስባሽ፣ ካልተቆረጠ ገርቢ ሥር ከሚገኝ አፈር። ከገርቢው ሥር ሲዛቅ ደግሞ በልክ መሆን አለበት፤ ለመዋሐጃ ትንሽ ይበቃል፣ የዛፉን ሥር ማራቆት አያስፈልግም። እርሾ ለሊጥ እንደሚበቃው ያህል ነው።

ጥር ላይ በሸለቆው ችግኝ ጣቢያዎች ወንፊቱ ከተሰቀለበት ይወርዳል። አንዷ አፈሩን ትነፋለች፣ ሌላዋ ብስባሹን ትደባልቃለች፤ ድብልቁን በመዳፏ ጨብጣ ትለቀዋለች፣ ሳይፈርስ ሳይጣበቅ ከተገኘ ደርሷል ማለት ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ያደረው የግራር ዘር ተነፍቶ ይወጣል። በየቱቦው ሁለት ሁለት ይጣላል፣ ከላዩ ሳሳ ያለ አፈር ይደረብበታል፣ ማጠጫው ይዞርበታል። ሐምሌ ሲገባ ኮረብታው ላይ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቃል። ፖሊቲን ቱቦው በምላጭ ተቀድዶ ለብቻው ይሰበሰባል፤ አፈሯ ግን እንደታቀፈችው፣ ከነክሮቿና ከነእባጮቹ፣ ከችግኙ ጋር አብራ ትወርዳለች።